ለመታመም የተቀጠረው ሐኪም

"ለሕዝብ በሙሉ። ቀደም ሲል በጡረተኛው የመጋዘን ኃላፊ ሲታመም የቆየው የቀኝ ጎን የሆድ ቁርጠት፣ ባለተራው በእውነተኛ የጉልበት ሕመም ምክንያት ሥራቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ስለለቀቁ፣ ከያዝነው ወር መግቢያ ጀምሮ በአዲስ ተቀጣሪ የሚታመም መሆኑን የሐኪሞች መፈተኛ ማዕከል በታላቅ ደስታ ያስታውቃል። አዲሱ ተቀጣሪ ቁርጠቱን በሰዓቱ፣ በታማኝነትና ያለ አድልዎ ለመታመም ቃል ገብቷል።"

ማስታወቂያው በማዕከሉ ኮሪደር፣ ከእሳት ማጥፊያው ጎን ተለጠፈ። ቆሞ ያነበበው ሰው ቢኖር ተቀጣሪው ራሱ ነው። ሁለት ጊዜ አነበበውና ደስ አለው። አገሩ ከተመለሰ ወዲህ ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ ስለ እሱ ተጽፎ "ተቀባይነት አላገኘም" የሚል ቃል ያልነበረበት የመጀመሪያው ጽሑፍ ይኼ ነበር።

ሰውየው ሐኪም ነው። ባሕር ማዶ ስምንት ዓመት ተምሮ፣ አሥራ አንድ ዓመት እዚያው ሲያክም ኖሮ፣ እናቱ "አንተ የሰው እናት ታክማለህ፣ እኔ እዚህ ደም ግፊቴን ይዤ እሰለፋለሁ" ብለው ቢልኩበት ሚስቱንና ሁለት ሻንጣ ይዞ የተመለሰ ሐኪም። በአገሩ ግን ሐኪም መሆን አለመሆኑ ገና አልተወሰነም።

ያን ሰሞን ወሬው ሁሉ ስለ ሐኪም እጥረት ነበር። የፈቃድ ክፍሉ ኃላፊ በሬዲዮ ቀርበው "ሐኪም ከየት እናምጣ? ከሰማይ አይዘንብ" እያሉ ሲያማርሩ፣ ሐኪሙ እዚያው ክፍል ደጃፍ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከዘበኛው ሬዲዮ ያዳምጣቸው ነበር። ዘበኛው እንዲያውም አዝኖለት ድምፁን ከፍ አደረገለት።

የሚጠየቀው ወረቀት ብዙ ነው። ከነዚያ አንዱ ስለ ሰው አካል አሠራር መማሩን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ነበር። ዩኒቨርሲቲው "እኛ ዘንድ ይህን ሳይማር የተመረቀ ሐኪም የለም" ሲል ጻፈለት። ክፍሉ ደብዳቤውን አገላብጦ መረመረና፣ የሚናገረው ስለሌለ ሐኪም እንጂ ስለ አመልካቹ አይደለም ብሎ መለሰው። እንዲህ እንዲህ እያለ ወረቀቱ በዓመቱ ሞላ። የቀረው ፈተናው ነው።

ፈተናው የተግባር ነው። ስድስት ክፍል አለ፤ በየክፍሉ አንድ አልጋ፣ በየአልጋው በሽተኛ መስሎ የሚተኛ ሰው። ማዕከሉ "የፈተና በሽተኛ" ይለዋል። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ፈታኝ የነጥብ ቅጽ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይቀመጣል፤ በፈተና ሰዓት አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ ደንብ ከልክሎታል። በየአሥር ደቂቃው ደወል ይደወላል፣ ተፈታኙም ወደሚቀጥለው ክፍል ይሻገራል። አንዷን ክፍል የዘለለ ወደቀ። ሦስት ጊዜ የወደቀ ደግሞ ሻንጣውን ይፈልግ፤ አራተኛ ዕድል አይሰጥም።

ሐኪሙ በመጀመሪያው ዙር በየክፍሉ እየገባ፣ በሽተኛውን አየት አድርጎ፣ የበሽታውን ስም በሁለት ደቂቃ ተናግሮ፣ የተረፈውን ስምንት ደቂቃ ጣሪያ ሲያይ አሳለፈ። ስድስቱንም በሽታ አግኝቷል። ወደቀ። ከቅጹ ግርጌ አንዱ ፈታኝ "በሽታውን አግኝቷል፤ ሰውየውን ግን አላየውም" ብለው ጽፈው ፈርመዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው። በሁለተኛው ዙር በንዴት ገባና ጥያቄ አዥጎደጎደ፤ መቼ ጀመረዎት፣ የት ጀመረዎት፣ ሲጀምርዎት ማን ነበረ። አንዲት የፈተና በሽተኛ ፖሊስ ጣቢያ የተወሰዱ መስሏቸው "እኔ አላየሁም" ብለው ካዱ። አሁንም ወደቀ። ፊርማው የዚያው ፈታኝ ነበር።

እኚህን ፈታኝ ተፈታኞች "መጋዝ" ይሏቸዋል። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። የገዛ እህታቸውን ልጅ ሁለት ጊዜ ጥለዋል እየተባለ ይወራል፤ ሦስት ነው የሚሉም አሉ። ፈተና በሌለበት ቀን በሐኪሙ እናት ሰፈር ጤና ጣቢያ ያክማሉ። ሌሎቹ ሐኪሞች አንድ ባንድ ሄደው አልቀው ጣቢያው በእሳቸው ትከሻ ቀርቷል። ሁለተኛው የሐኪም ክፍል ከተቆለፈ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ዛሬ መጥረጊያና ባልዲ ነው የሚታከምበት። ሐኪሙ ፈቃዱን ካገኘ የሚመደበው እዚያች ክፍል መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ከፈቃድ ክፍሉ በቀር።

"አርባ ሰው በራቸው ላይ ቆሞ ነው የሚውለው" ይላሉ እናቱ ከጤና ጣቢያ በተመለሱ ቁጥር። "ቀና ብለው ውሃ እንኳ አይጠጡ። አንተ ደግሞ ይኸው ተጎልተህ ግድግዳ ታያለህ።"

"ጥለውኝ እኮ ነው እማዬ።"

"ኧረ ምን ሆነህ ነው የጣሉህ? እሳቸው እንደሆኑ ሰው አይጥሉም። እኔን አንድ ቀን ጥለውኝ አያውቁም።"

እንግዲህ አንዲት ዕድል ብቻ ቀርታው ሳለ ነው ማዕከሉ የፈተና በሽተኛ መቅጠር እንደሚፈልግ የሰማው። ሥራው ዓመቱን ሙሉ ያለ ነው፤ የሕክምና ተማሪዎች እየመጡ ይለማመዱበታል። የማመልከቻው ቅጽ አንድ ጥያቄ ነበረው፤ "ሐኪም ነዎት?" ሐኪሙ መዋሸት ስለማይሆንለት ቅጹን ይዞ ወደ ፈቃድ ክፍሉ መስኮት ሄደና ምን ብሎ እንደሚሞላ ጠየቀ። ጸሐፊዋ መዝገቡን ገልጣ አየችና "በእኛ በኩል አይደሉም" አለችው። አመስግኖ "አይደለሁም" የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ክፍሉ በአንድ ቀን ጉዳዩን ሲጨርስለት ይኼ የመጀመሪያው ነው።

እነሆ፣ ታሞ ገባ።

ሥራው እንዲህ ይወደድልኛል ብሎ አልጠበቀም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ልብሱን ለውጦ አራት ቁጥር አልጋ ላይ ይወጣል፤ ሕመሙ እምብርቱ ዙሪያ ጀምሮ ወደ ቀኝ ይወርዳል፤ ሲጫኑት ዝም ይላል፣ ሲለቁት ይጮኻል። ትርፍ አንጀት መሆኑ ነው። ድሮ መጽሐፍ ላይ ያለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ስለሚታመም ተማሪዎች ከሩቅ ክፍል እየመጡ ያዩት ጀመር። የማዕከሉ አስተባባሪ፣ ደወሏን ከእጃቸው የማይለዩት እትዬ ደወል፣ በሰው ፊት "የኔ ቁርጠት" እያሉ ይመኩበታል። ስሙም በዚያው ቀረ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ በር ላይ ትቀበለዋለች።

"ዛሬ ምን አመመህ?"

"ጠዋት አንጀት፣ ከሰዓት ሐሞት።"

"ሐሞትማ ምን ብለህ ታመምከው፣ ድሮስ መች ነበረህ?"

እናቱ በበኩላቸው ለጎረቤት የሚናገሩት ቸግሯቸው ከረመ። ልጄ ሆስፒታል ይሠራል ቢሉ ውሸት ነው፣ ልጄ ተቀጥሮ ይታመማል ቢሉ የሰው መሳቂያ መሆን ነው። በመጨረሻ "ልጄ ሐኪሞችን ያስተምራል" ማለት ጀመሩ። ሐኪሙ ሲሰማ ሳቀ፤ ኋላ ላይ ግን ነገሩ ነገር አለው ብሎ አሰበ።

ምክንያቱም ሁለት ዓመት በጀርባ ተኝቶ ሲታይ፣ አሥራ አንድ ዓመት ቆሞ ሲያይ ያላየውን አየ። የሰው እጅ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ አያውቅም ነበር። ሰዓቱን እያየ "አይዞዎት" የሚል ሰው ምን እንደሚመስል ከታች ሆኖ አይቶ አያውቅም። አንዱ ተማሪ ሆዱን እየነካ የሚያወራው ከመስኮቱ ጋር ነበር። አንዷ ልጅ ደግሞ ገና ሳትነካው እጇን በእጇ አሻሽታ፣ ወንበር ስባ ተቀምጣ፣ "ከማመሙ ሌላ ምን አስቸገረዎት?" ብላ ዝም ስትል፣ እንዲታመም ከተሰጠው ጽሑፍ ውስጥ የሌለ ነገር ከአፉ ሊያመልጠው ነበር፤ ስለ ሻንጣው፣ ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ተቆለፈችው ክፍል። ምላሱን ነክሶ ቁርጠቱን ቀጠለ። የዚያን ዕለት ቤቱ ገብቶ ያቺን "ሰውየውን ግን አላየውም" የምትል ወረቀት ከመሳቢያ አወጣና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሳደብ አነበባት።

በሁለት ዓመቱ ሦስተኛው ዙር ደረሰ። ማዕከሉ ለአድልዎ በር እንዳይከፈት ቁርጠትን ከበሽታ አሳረፈው፤ የበሽተኞቹም ታሪክ በሙሉ ተለወጠ። አራት ቁጥር አልጋ ላይ ትርፍ አንጀት ወጥቶ የኩላሊት ጠጠር ገባ፤ የሚታመሙት አንድ ጡረተኛ ሾፌር ሆኑ። ጠዋት ሲወጣ ሚስቱ የነጭ ጋውኑን አንገት አስተካከለችለትና "ዛሬ እንኳን አደራህን አትታመም" አለችው።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ክፍል እንደ ቅቤ ሄደለት። አራት ቁጥር ሲገባ ጥግ ላይ የተቀመጡት መጋዝ ነበሩ። ሐኪሙ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ሾፌሩን ስለ ጠጠራቸው ብቻ ሳይሆን ስለ እንቅልፋቸውም ጠየቃቸው። ደወሉ ሲደወል ገና ወሬያቸው ጥሞ ነበር።

ከአራት ቀጥሎ አሥር ደቂቃ ዕረፍት ነው። በአራትና በአምስት ቁጥር መካከል፣ ኮሪደሩ ላይ አንዲት ወንበር ተቀምጣለች፤ ተፈታኙ እዚያች ላይ ተቀምጦ ይተነፍስና በሚቀጥለው ደወል አምስት ቁጥር ይገባል። ሐኪሙ ገና ከመቀመጡ ሾፌሩ በሩን በርግደው ወጡ፤ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "መጣሁ" ብለው ብቻ ወደ መጸዳጃው በረሩ። ጠዋት የበሉት ነገር ማስመሰሉን ትቶ የምሩን ጀምሮባቸው ነበር።

ቀጣይዋ ተፈታኝ በሩ ላይ ደረሰች። እሷም ባሕር ማዶ የተማረች፣ ገና የመጀመሪያ ዙሯ የሆነ ወጣት ናት። ባዶውን አልጋ አየች፣ መጋዝን አየች። መጋዝ መናገር አይችሉም። ወደ ኮሪደሩ ዞራ ሐኪሙን "ጋሼ፣ በሽተኛው የት ሄደ?" አለችው። ደንቡን ሁለቱም ያውቁታል፤ በሽተኛ ያላገኘች ተፈታኝ ክፍሉን እንደዘለለች ይቆጠራል፣ አቤቱታዋም ከዓመት በፊት አይታይም። የሷ ዓመት እንዴት እንደሚውል ሐኪሙ ከአግዳሚው ወንበር ጀምሮ ቁልጭ ብሎ ታየው።

አሥር ደቂቃ ዕረፍት አለው። ጠጠሩን አሁን ከሾፌሩ አፍ ሰምቶታል። ጋውኑን አውልቆ መንጠቆው ላይ ሰቀለና አልጋው ላይ ወጣ።

መጋዝ ብዕራቸውን አነሱ፣ አፋቸውን ከፈቱ፤ ደንቡ ትዝ ሲላቸው መልሰው ገጠሙት።

ሐኪሙም ታመመ። የኩላሊት ጠጠር የያዘው ሰው አርፎ አይተኛም፤ እሱም አላረፈም። ሕመሙን ከጎኑ አስነስቶ ወደ ታች ሰደደው፣ ላብ እንኳ ያወጣ መሰለ። ልጅቷን ግን በቅንድቡም አልረዳትም። ያልጠየቀችውን አልመለሰም፣ ያላገኘችውን አላሳያትም፤ የታመነ የፈተና በሽተኛ ነዋ። እሷም በስምንተኛው ደቂቃ ጠጠሯን አገኘች።

ደወሉ ተደወለ።

እዚህ ላይ ያቺን ደወል ማወቅ ያስፈልጋል። ለተፈታኝ ደወሉ "ተነስተህ ሂድ" ማለት ነው። አልጋ ላይ ላለው ግን "ተኛ፣ ከመጀመሪያው ጀምር" ማለት ነው። የሐኪሙ ጭንቅላት ተፈታኝ ነበር፤ ጀርባው ግን የሁለት ዓመት በሽተኛ ነው። ልጅቷ እንደወጣች አንሶላውን አስተካከለ፣ ፊቱን ጠራረገ፣ ትራሱን ገለበጠና ለሚቀጥለው ተፈታኝ እንደ አዲስ ማቃሰት ጀመረ።

የሚቀጥለው ተፈታኝ ደንዳና፣ ላብ ያጠመቀው ጎልማሳ ነበር። ጎኑን ሲዳስሰው ሐኪሙ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። በተገለጠው በር በኩል ያቺ የዕረፍት ወንበር ትታያለች። ልጅቷ ተቀምጣባታለች። ይህን ጊዜ እኔ የት ነበር መሆን የነበረብኝ? አለ በልቡ፤ ያን ጊዜ ነው አምስት ቁጥር ትዝ ያለችው።

ይነሳ? ጎልማሳው እጁን ጎኑ ላይ አድርጎ "አይዞዎት አባቴ፣ አሁን እንጨርሳለን" እያለው ነው። በሽተኛው ተነስቶ ቢሮጥበት ይኼ ምስኪን ምን ይላል? ሩቅ አገር ተምሮ፣ የሱንም ደብዳቤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጽፎለት፣ እዚች አልጋ የደረሰ ሰው ነው። ሐኪሙ ዓይኑን ጨፈነና ከአንጀቱ አቃሰተ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ አንዲት ዘለላ በጆሮ ግንዱ በኩል ወረደች። ጎልማሳው መሐረቡን አውጥቶ ጠረገለት። በቅጹ ላይ ለዚህ ነጥብ አልነበረውም።

ቀጣዩ ደወል ሲደወል ሾፌሩ ፊታቸውን ታጥበው ተመለሱ። ሐኪሙ ጋውኑን እየለበሰ አምስት ቁጥር ሲደርስ ልጅቷ ገብታለች፣ በሩም ተዘግቷል። ስድስት ቁጥር ተራው ስለነበር ገብቶ እሱን ብቻ ተፈተነ።

ከሰዓት በኋላ ፈተናው አልቆ የውጤት ኮሚቴው ተቀመጠ። የፈቃድ ክፍሉ ኃላፊ ማኅተማቸውን ፊታቸው አስቀምጠዋል፤ ከጎናቸው እትዬ ደወል፣ ቀጥሎ መጋዝ፣ ቀጥሎም አምስት ቁጥርን የፈተኑት ዝምተኛ ሐኪም፣ እሳቸው ሴት ናቸው። ሐኪሙን ጠርተው በሩ አጠገብ አቆሙት። ኃላፊው ደንቡን አነበቡለት። ክፍል ዘልሏል፤ ሦስተኛው ዙሩ ነው፤ ነገሩ ያሳዝናል፣ ደንቡ ግን አያዝንም አሉት። ሐኪሙ እናቱን አሰበ። የመጥረጊያዋን ክፍል አሰበ። 

መጋዝ ያን ጊዜ ነው ድምፃቸው የተሰማው። ጠዋቱን ሙሉ አፍነው የያዙት ንግግር ይመስል ሻካራ ነበር። አልጋውን ባዶ የተወው ማነው ብለው ጠየቁ። ማዕከሉ ነው ተባለ። እዚያ አልጋ ላይ የተኛውስ? እትዬ ደወል የሠራተኞች መዝገባቸውን ገለጡ፤ ቁርጠት ዕረፍት ወጣ እንጂ ከሠራተኝነት አልተሰረዘም።

"እንግዲያው ሥራው ላይ ነበረ" አሉ መጋዝ። "ሥራ ላይ የዋለ ሰው ቀረ አይባልም። አምስት ቁጥርን አሁን ይፈተን።"

ኃላፊው ደንቡን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጡት። የሚከለክል አንቀጽ ቢፈልጉ አጡ፤ የሚፈቅድም አጡ። በመጨረሻ ይሁን አሉ። ነገር ግን የአምስት ቁጥሩ በሽተኛ አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ሄደዋል፣ ሾፌሩም ከመጸዳጃው አልራቁም፣ ሌሎቹም ድነው ተበትነዋል።

"አሁን ማን ይተኛ? በሽተኛ ከየት እናምጣ?" አሉ ኃላፊው።

በአገሪቱ የበሽተኛ እጥረት ሲያጋጥም የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።  መጋዝ ጃኬታቸውን አውልቀው ወንበራቸው ላይ ሰቀሉና ወደ አምስት ቁጥር አመሩ።

የአምስት ቁጥር ታሪክ አጭር ነው። በሽተኛው የአንድ ሕንፃ በር ጠባቂ ናቸው፤ ልባቸው ደክሞ እግራቸው አብጧል፤ የታዘዘላቸውን ኪኒን ትተዋል፣ ለምን እንደተዉ ግን መናገር ያፍራሉ። ተፈታኙ ያንን በዘዴ ማግኘት አለበት። ዝምተኛዋ ፈታኝ ጥጋቸውን ያዙ። እትዬ ደወል ደወሉን መቱ።

ሐኪሙ እጁን በሞቀ ውሃ ታጠበና አሻሸው። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። "ምን አስቸገረዎት?" አለ።

"እኔ እንጃ" አሉ መጋዝ።

ከመቼ ወዲህ ነው አላቸው። እኔ እንጃ። ይደክምዎታል? ማን የማይደክመው አለ። መጋዝ ሰውን የሚጥሉት ፈታኝ ሆነው ብቻ አይደለም ለካ፤ በሽተኛ ሆነውም ይጥላሉ። ሐኪሙ አልቸኮለም። እግርዎን ልየው ብሎ አስፈቀደ፣ ካልሲያቸውን ዝቅ አደረገ፣ አውራ ጣቱን ከአጥንቱ በላይ አሳርፎ ጫን አደረገና ለቀቀ። ጣቱ ተነሳ፤ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

ሐኪሙ ጉድጓዱን አየው። ሁለት ዓመት ሲታመም ቁርጠት አስመስሏል፣ ትንፋሽ ማጠር አስመስሏል፣ ልብ ድካምም ሞክሮ ያውቃል። እግር ላይ የሚቀር ጉድጓድ ግን አንድም ቀን ወጥቶለት አያውቅም። ቀና ብሎ የመጋዝን ፊት አየ። መጋዝ ግድግዳውን ያያሉ። ካልሲያቸውን ቀስ ብሎ መለሰላቸውና ተቀመጠ።

ዝም አይነቅዝም። አንድ ደቂቃ ሄደ፣ ሁለተኛው ተከተለ። የፈታኟ ብዕር ከወረቀቱ በላይ ቆሞ ጠበቀ። የድሮው ሐኪም ቢሆን ይህን ጊዜ የበሽታውን ስም ጠርቶ ጣሪያ ማየት ጀምሮ ነበር።

"ኪኒኑን ትቼዋለሁ" አሉ መጋዝ ለግድግዳው።

"እሺ" አለ ሐኪሙ።

"ውሃ የሚያስወጣ ነው። ጠዋት ከዋጥኩት በየሩብ ሰዓቱ ያስነሳኛል። አርባ ሰው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ፣ ምን ብዬ ነው በየሩብ ሰዓቱ የምነሳው?"

ዝምተኛዋ ፈታኝ የታሪኩን ወረቀት ገለጡ፣ ገለበጡ፣ ከጀርባውም አዩት።

"እዚያ ቦታ ከርስዎ ሌላ የሚቆም ሰው የለም?" አለ ሐኪሙ።

"የለም።"

"ቢኖርስ?"

"ቢኖርማ እነሳ ነበር። ቢኖር እውጥ ነበር።"

"እንግዲያው ሰው እስኪመጣ ድረስ ኪኒኑን ሥራ ጨርሰው ቤት እንደገቡ ይዋጡት። ያስነሳዎት፤ እዚያ የሚጠብቅዎ ሰው የለም። ሰው ሲመጣ ወደ ጠዋት እንመልሰዋለን። ያም ሆነ ይህ በሳምንት አንድ ቀን እኔ ዘንድ ይቅረቡና እግርዎን አየዋለሁ።"

"ይመጣል ትላለህ ሰው?"

"እሱን እንኳ ከደወሉ በኋላ ነው የምንሰማው።"

የመጋዝ ጢም ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ፣ ለማየት ጊዜ አልነበረም። ደወሉ ተደወለ። ሐኪሙ በዚህኛው ደወል ተነሳ።

ኮሚቴው ተመልሶ ተቀመጠ። ዝምተኛዋ ፈታኝ ቅጻቸውን ኃላፊው ፊት አኖሩና ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ፤ "ሙሉ ነው" አሉ። የስድስቱ ክፍል ነጥብ ተደመረ፤ አልፏል፣ ያውም ተርፎት። እትዬ ደወል ደስታቸውን መደበቅ ስላልቻሉ ደወሉን በስህተት መቱትና ራሳቸው ደነገጡ። ቀጥለው ደግሞ ቅር አላቸው፤ ሰኞ የሚታመም ሰው ሊያጡ ነው።

ኃላፊው ማኅተሙን አንስተው አየር ላይ ያዙት። ከቅጹ ግርጌ "ልዩ አፈጻጸም ካለ ምክንያቱ" የሚል ሳጥን ባዶውን ቀርቷል። ፈታኝ በበሽተኛ ቦታ ተኝቷል፣ ይህ ልዩ አፈጻጸም ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ቅጹን ወደ መጋዝ ገፋ አደረጉላቸው። መጋዝ ሳጥኑን ዘለው ፈረሙ። ደንቡ ፊርማ ያስገድዳል እንጂ ሳጥኑን ሙሉ አይልም። ኃላፊው ተነፈሱና ማኅተሙን አሳረፉት።

ሐኪሙ በሩ አጠገብ ቆሞ የማኅተሙን ድምፅ ሰማ።  ከነገ ወዲያ እናቱ የሚሰለፉበት ሰልፍ ለሁለት እንደሚከፈል አሰበ። እናቱን ካወቃቸው ወደሱ በር አይመጡም፤ የለመዷቸውን ሐኪም አይለውጡም። በዚህም ደስ አለው።

ኃላፊው ግን ነገሩ አልዋጥላቸው አለ። የዝምተኛዋን ፈታኝ ማስታወሻ በጣታቸው እየተከተሉ ቀና አሉ።

"ዶክተር፣ ይኼ አርባ ሰው የሚባለው ነገር በጽሑፉ ውስጥ የለም። ሰውየው በር ጠባቂ ነው፤ በር ጠባቂ አርባ ሰው ምን ያደርግለታል? ለመዝገቡ ሳይሆን ለራሴ ልወቀው፣ እባክዎን ያብራሩልኝ።"

መጋዝ ጃኬታቸውን ከወንበሩ አነሱ። አንዱን እጅጌ አጠለቁ፣ ሁለተኛውን ፈልገው አጡት፤ ሐኪሙ ቀረብ ብሎ ያዘላቸው። ቁልፋቸውን ከላይ እስከ ታች ቆለፉ።

"አላብራራም" አሉ።